ሐ-ሰባትን ያየ ሰው

ጌጡ ወልደሰንበት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአንድ ወጣት ባልና ሚስት መኝታ ቤት ውስጥ ቆሞ የራሱን ፎቶ ይፈልግ ነበር። በአዋጁ መሠረት ፎቶው ምሰሶው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከስልሳ ከፍታ፣ ሳይጋረድ መለጠፍ አለበት። ሚስትየዋ እያፈረች ከላዩ የተሰቀለውን ፎጣ አነሳች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የሚያፈጡብን ስለሚመስለን ነው።»

«ግድ የለም ልጄ» አላት ጌጡ፤ «የኔዋም ሲበዛባት ፊቷን ታዞራለች።»

መዳፉን ምሰሶው ላይ አሳረፈ። የምሰሶውን ቁጥርና የተሞላበትን ቀን ጠራ፤ ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ «አይቻለሁ» አለ። ከፎቶው ሥር ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች፤ ቤቱም ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ቤት ሆነ። ባልየው ከወጥ ቤት ብቅ አለና ቁርስ ሳይቀምሱማ አይወጡም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ጌጡ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰና ተቀመጠ።

ጌጡ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩት። ነበሩት ሲባል የእሱ ንብረት ናቸው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እሱ ነበር የእነሱ ንብረት። የምሰሶ ምስክር ከምሰሶዎቹ ከግማሽ ቀን መንገድ በላይ መራቅ አይፈቀድለትም። ጌጡ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ጓዳ ግን ያውቃል። ከማቀዝቀዣ ጀርባ፣ ከቁም ሣጥን ሥር፣ ከአልጋ ራስጌ እየገባ ይነካል፣ ይናገራል፣ ይበላል። ሰፈር ውስጥ አልታዘዝ ያለ ልጅ «ጌጡን እጠራልሃለሁ» ይባላል። ባልና ሚስት ሲጣሉም አንዳንዶቹ ያው አንተ ነህ መቼስ ቤቱን ያቆምከው ብለው ለሽምግልና ይጠሩታል። በምሰሶ ምስክሮች ቢሮ መዝገብ እንደሰፈረው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከምሰሶዎቹ አንዱም ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው የምስክሩ ወገብ ብቻ ነው።

ሥራው የመጣው በ2079 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነበር። ከዚያ በፊት ሕንፃ የሚመረምሩት የኩባንያዎቹ ማሽኖች ነበሩ፤ የኩባንያ ማሽን ደግሞ የሚናገረው ለኩባንያው ነው። ሁለት ሕንፃዎች በአንድ ክረምት ሲወድቁ ማሽኖቹ ሁሉም ነገር ደህና ነው እያሉ ነበር፤ ፍርስራሹ ሥር ሆነውም ለሦስት ቀን እንደዚያው ሲሉ ቆዩ። «ማሽን አይታሰርም!» አለ በዚያን ጊዜ አንድ የምክር ቤት አባል፣ ተጨበጨበለትም። እናም ደንቡ ተሻሽሎ ወደ ሰው ዓይን ተመለሰ። ማንኛውም ምሰሶ አርማታ ሲሞላበት ከታች እስከ ላይ ቆሞ ያየ፣ ፈቃድ ያለው፣ ሊታሰር የሚችል ሰው ካልመሰከረለት እንዳልቆመ ይቆጠራል። ጌጡ በዚያን ጊዜ አስተማሪ ነበር። ለፈቃዱ ሲያመለክት ብቃቱን ያስረዳው አሥራ አራት ዓመት ፈተና ሲፈትን ዓይኑን ነቅሎ እንደማያውቅ በመግለጽ ነው። ስለ አርማታ የሚያውቀው ግራጫ መሆኑን ነበር፤ ይህንንም ማንም አልጠየቀውም።

በዚያው ሰኞ፣ ሁለተኛውን እንቁላል እየቆረሰ ሳለ ከቢሮው መልእክት መጣለት። ደንቡ እንደገና ተሻሽሏል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ምሰሶዎች ምስክሩ በነዋሪዎች ፊት ለመጨረሻ ጊዜ «አይቻለሁ» ሲል ዘላቂ ማረጋገጫ ያገኛሉ፤ ዓመታዊ ጉብኝትም ይቀራል። ዘላቂ ማረጋገጫ ያገኘ ሕንፃ ከላዩ ሁለት ፎቅ መጨመር ይፈቀድለታል። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የሚጀመረው በጠባሴ ሰፈር ብሎክ አራት፣ በምሰሶ ሐ-ሰባት ነው።

ጌጡ የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠ።

ሐ-ሰባት ሲሞላ አላየውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2084 ዓ.ም.፣ ጥር ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ውርጩ ጥርስ ያስነክስ ነበር። ጌጡ ከጠዋት ጀምሮ ከምሰሶ ምሰሶ እየተከተለ ሠላሳ አንዱ ሲሞሉ ቆሞ አይቷል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቀረው ሐ-ሰባት ብቻ ነበር። የሙሌት ቀን ሠራተኛን ማብላት ደግሞ ደንብ ነው፤ ከግንባታ ደንቦች ሁሉ አንዴም ሳይሻሻል የኖረ እሱ ብቻ ነው። ተቋራጩ አቶ ደርበው እጁ የተፈታ ሰው ስለነበር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ አሳርዶ፣ ሁለት ድንኳን በግቢው ግራና ቀኝ አስተክሎ ነበር።

«ጋሽ ጌጡ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ!» አለ ደርበው ክንዱን ይዞ።

ጌጡ ለአንድ ጉርሻ ብቻ ሄደ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው ተጨመረ። ለሦስተኛው ፎርማኑ የኔን እጅ ሊንቁት ነው ወይ ብሎ አኮረፈ፤ ሰው ከማስኮረፍ ደግሞ መጉረስ ይሻላል። ሲመለስ ሐ-ሰባት እስከ አፉ ሞልቶ፣ አርማታው እያብለጨለጨ ቆሞ ነበር። ደርበው እጁን እየጠረገ ተከትሎት መጣ።

«አዩት አይደል ጋሼ?»

ጌጡ አፉ ሙሉ ነበር። ሰውየው ያበላው ጎድን ገና ጉሮሮውን ሳያልፍ እንዴት አድርጎ አላየሁም ይበል? የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ከመባል ሌላ ምን ትርፍ አለው? ሠላሳ አንዱ እንዲያ አምረው ሲሞሉ ሐ-ሰባት ለብቻው ምን በደለ? ደግሞም የፓምፑ ኦፕሬተር ሰይድ ይመር ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ እሱ እያለ ምን ሊበላሽ ይችላል? ይህን ሁሉ እያላመጠ አሰበና ዋጠው። ከዚያ «አይቻለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ሐ-ሰባትን ይጎበኛል። ምሰሶው ያረፈው በምድር ቤቱ ነዋሪ በእትዬ አስካለ ሳሎን መሐል ነው። እትዬ አስካለ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ስትቀመጥ ወገቧን እንደሚሻላት ትናገራለች። እሷ የምትሠራው ምንቸት አብሽ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤቶች አንደኛ ነው። ጌጡ ምሰሶውን በጣቱ አጥንት ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው ኳኳ እያደረገ ያዳምጠው ነበር። ሐብሐብ መምረጥም ስለማይችል የሰማው ድምፅ ምንም አልነገረውም።

የዚያን ሰኞ ማታ እቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ለፋንቴ ነገራት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲደብቃት የኖረውን ነገር ሰምታ ሽንኩርት መላጧን አላቋረጠችም።

«ንገራቸው» አለችው።

«አንዷን ካላየሁ ሁሉንም እንዳላየሁ ነው የሚቆጠረው፤ አዋጁ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ውስጣቸው እንዲታይ ይሰረሰራሉ እኮ! ያ ሁሉ ሰው ከቤቱ ይወጣል።»

«ይውጣ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ እስከ ዛሬም የሚልህን ይልሃል። አንተ አፍህ ስለማያርፍ አትሰማም እንጂ።»

ጌጡ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እሱ ባያይ ሰይድ አይቷል፤ ሰይድ በወቅቱ አርማታው ልክ እንደነበር ከነገረው በሰይድ ዓይን «አይቻለሁ» ቢል ምን ኃጢአት አለው? ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰይድ ይመር አሁን መስታወት የሚቆርጥበት ሱቅ ድረስ ሄደ። ሰይድ ጢሙ ሸብቷል፤ ጌጡን ሲያይ ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ሰይድ፣ ያኔ ጠባሴ፣ ሐ-ሰባት ሲሞላ ፓምፑ ላይ የነበርከው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ? ወላሂ ጋሽ ጌጡ፣ እኔማ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ምሳ ብለው ሲጠሩን፣ የእናንተ ልጆች ስላሉ እነሱ ያዩታል ብዬ ፓምፑን ከፍቼ ሄድኩ። ከዚያ በፊት በተራ ነበር የምንበላው፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ጠሩ።»

«የኛ ልጆች እኮ ከኔ ጋር ነበሩ! እነ ሰይድ አሉ ብለው ነው የመጡት።»

ሰይድ መስታወት መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ ማን ሞላው?» አለ ጌጡ።

«ፓምፑ ነዋ።»

«ማን አየው?»

«እርስዎ ነዎታ! አየሁ ብለዋል እኮ!» አለ ሰይድ፤ ድምፁ ግን ከመሐል ተሰበረ። «ጋሽ ጌጡ፣ እኔ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእርስዎ ቃል ነው።»

«እኔ ደግሞ ባንተ ነበር» አለው ጌጡ።

ሰይድ እየሸኘው ሳለ ምሳ ጋበዘው። ጌጡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አለ። ከሱቁ ወጥቶ በእግሩ ሲሄድ በየሕንፃው ሥር ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ። ይህ ሁሉ ሰው ራሱን በምን ላይ እንዳስደገፈ ሲያስብ ፈራ፤ አፈረም። ሦስት ጉርሻ ለአንድ ምሰሶ!

ሐሙስ ጠዋት የእትዬ አስካለ ሳሎን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የብሎክ አራት ነዋሪዎች በሙሉ መጥተዋል። የሚጨመሩት ሁለት ፎቆች ተገጣጥመው ከግቢው ውጭ በትልቅ ተሽከርካሪ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከነሱ አንዱ ቤት ለእትዬ አስካለ ሴት ልጅ የተመደበ ነው፤ ከባሏ ተለያይታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከእናቷ ጋር እየተጣበበች የምትኖር ልጅ። የቢሮው ወጣት ሠራተኛ ኤልዳና የድምፅ መቅጃዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ምሰሶው አጠገብ ቆማለች። እትዬ አስካለ ምንቸት አብሹን አቅርባ በእጇ ጠቅልላ ወደ ጌጡ ዘረጋች።

«እስቲ መጀመሪያ ይህችን ጉረስ፤ የዛሬው የመጨረሻ ነው።»

«አይ እትዬ፣ ይቅርብኝ።»

«ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። እትዬ አስካለ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

«ጋሽ ጌጡ፣ እንጀምር?» አለች ኤልዳና። «መዳፍዎን ያሳርፉ።»

ጌጡ መዳፉን ሐ-ሰባት ላይ አሳረፈ። ቁጥሩንና ቀኑን ጠራ። ከዚያ «አላየሁትም» አለ።

መብራቷ አልተለወጠችም። ኤልዳና መጀመሪያ መቅጃዋ የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው።

«አይቻለሁ ነው የሚባለው ጋሼ። እንደገና ልቅዳ?»

«አላየሁትም ልጄ። ምሳ እየበላሁ ነበር።»

ኤልዳና ቅጹን ወደ ታች አወረደችው፣ ወደ ላይ መለሰችው። አላየሁም የሚል ቦታ የለውም ነበር። አለቃዋን ልትጠይቅ ወደ በረንዳ ስትወጣ የብሎኩ ሽማግሌዎች ጌጡን ከበው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱት። አንዱ ትሕትና ነው የያዘዎት አለው። ሌላው ይህን ያህል ዓመት የቆመ ምሰሶ አሁን ምን ይሆናል ብለህ ነው አለው። ሦስተኛው ስለ እግዜር ብለህ አየሁ በልና ገላግለን ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ጌጡ ሰው እግሩ ላይ ሲወድቅ እንቢ ብሎ አያውቅም። አሁንም አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በበሩ በኩል ግን የእትዬ አስካለ የልጅ ልጆች ምሰሶውን እየዞሩ ሲሯሯጡ ታዩት። ከላያቸው ስድስት ፎቅ አለ፤ ነገ ደግሞ ስምንት ይሆናል።

«አላየሁትም» አለ፣ አሁን ጮክ ብሎ።

ኤልዳና ተመልሳ ሕጉን አነበበች። አንድ ምሰሶ ሳያይ የመሰከረ ምስክር ፈቃዱን ያጣል፤ የመሰከረላቸው ምሰሶዎች በሙሉ ይሰረሰራሉ፤ ስርሰራው ሲካሄድም ምስክሩ በቦታው ይገኛል፤ ነዋሪዎች ውጤቱ እስኪታወቅ በጊዜያዊ መጠለያ ይቆያሉ። «ይህን አውቀው ነው የሚናገሩት?» አለችው።

«አውቄ ነው።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ መጮህ ሲጀምር እትዬ አስካለ ብቻ አልጮኸችም። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችና ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ እየመጣህ ምን ስታይ ነበር?»

ጌጡ ሊዋሻት አልፈለገም። «ወጡን» አለ። ማንም አልሳቀም።

ሰርሳሪዎቹ ሐ-ሰባት ላይ የደረሱት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ነዋሪዎቹ ከመጠለያው መጥተው በግቢው ቆሙ፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ብርድ ልብሳቸውን አልፎ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። መሰርሰሪያው እያጓራ ገባና ከሥር፣ ከመሐልና ከጫፍ ዱላ ዱላ የሚያህል ሦስት የአርማታ ቁራጭ አወጣ። የሰርሳሪዎቹ አለቃ አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ በመዶሻ መታው። ጥርት ያለ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው ነበር። በሃያ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ አርማታ አጋጥሞት እንደማያውቅ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

እትዬ አስካለ ጌጡን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ጀርባዋን ሰጠችው። ከኋላ አንድ ሰው «ሆዳም!» ብሎ ጮኸ። ጌጡ እቤቱ ገብቶ ለፋንቴ ሲነግራት ሳቋ መጣ። አፏን ብትይዝም አልቻለችም፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። እሱም ትንሽ ቆይቶ አብሯት ሳቀ። ማንም ያላየው ምሰሶ እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ይገምታል?

ከተማው ግን አልሳቀም። አዋጅ አዋጅ ነውና ስርሰራው ቀጠለ። ጌጡ በየቀኑ እየተገኘ ይቆማል፤ በየሕንፃው ሰዎች ፍራሻቸውን ተሸክመው በፊቱ ያልፋሉ። ያ ሁሉ ቁርስ ያበላው ሰው ዛሬ ሰላምታም አይሰጠውም። አርባኛው ምሰሶ ደህና ሆነ፣ ሰማንያኛውም ደህና ሆነ። ዝም ቢል ኖሮ አሁን ሁሉም እቤቱ ነበር። ይህን ማንም ሳይነግረው ራሱ ለራሱ በየሰዓቱ ይነግረው ነበር።

ሰማንያ አምስተኛው ረ-ሁለት ነበር፤ ሥሩ የሕፃናት መዋያ ያለበት፣ የስድስት ፎቅ ሕንፃ ዋና ምሰሶ። ሕፃናቱ ባለፈው ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል፤ ትንንሽ ወንበሮቻቸው ግን እንደተደረደሩ ናቸው። ጌጡ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ረ-ሁለትን ያውቀዋል። አዲስ ምስክሮችን ሲያሠለጥን እንዴት ማየት እንደሚገባ የሚያስረዳው በረ-ሁለት ነበር። «ይህን እንኳ ባትነኩት ይሻል ነበር» አላቸው ሰርሳሪዎቹን።

መሰርሰሪያው አንድ ስንዝር ያህል ገባና ጩኸቱ ቆመ። የመሰርሰሪያው ጫፍ ብቻውን ወደ ውስጥ ሸሸ። አለቃው መሣሪያውን አውጥቶ በባትሪ አየ፤ ከዚያ ባትሪውን ለጌጡ ሰጠው። ከውስጥ አርማታ አልነበረም። ሰው ሊቆምበት የሚችል ባዶ ቦታ ነበር፤ ከሥሩ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢትና የተቀደደ ስፖንጅ ታጭቋል። ላዩን የሸፈነው አርማታ ውፍረቱ ከስንዝር አይበልጥም። አለቃው ለሰዎቹ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወንበሮቹን ሳይነኩ ቀስ ብለው እንዲወጡ አደረገ።

ከጌጡ ጋር ኤልዳና ብቻ ቀረች። ፊቷ ነጥቷል።

«ይህንስ እንዴት ነበር ያዩት ጋሼ?»

«ቆሜ ነዋ» አለ ጌጡ። እጁን ወደ ቀዳዳው አስገባ፤ እስከ ክንዱ ገባለት። «ዝናብ ነበር። ዣንጥላ እንኳ አልያዝኩም፣ እንዳይጋርደኝ ብዬ። ያመጡልኝን ምሳ ሙሌቱ እስኪያልቅ አልነካሁም። ከመጀመሪያዋ ጠብታ እስከ መጨረሻዋ ዓይኔን አልነቀልኩም።»

«እንዲህ አድርገው ያዩት ስንቱን ነው?»

ጌጡ ክንዱን አውጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ አንዴ ወንበሮቹን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ።

«ከሐ-ሰባት በቀር፣ ሁሉንም» አላት።